ዘይት የሚያፈስ የሞተር ሳይክል የፊት አሞርዛተር ጥገና፦ በሸዋ ሮቢትና በቆላው ይፋት ለሚነዱ

ከዋናው የደሴ መንገድ ወጥተው ወደ ቀወት ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡ ሞተር ሳይክሎችን የፊት አሞርዛተር ጎንበስ ብለው ቢያዩ፣ የሚያብረቀርቀው ዘንግ ወደ አልሙኒየሙ ቤት በሚገባበት አንገት ላይ ጥቁር የዘይትና የአቧራ ቀለበት ማግኘትዎ አይቀርም። ሲነኩት ጣት ያረጥባል። ዘይቱን ይዞ የሚያስቀረው ላስቲክ፣ መካኒኮች ፓራኦሊ የሚሉት፣ መያዝ አቅቶታል ማለት ነው። ብዙ ሰው ወዲያው አዲስ ፓራኦሊ ገዝቶ ያስቀይራል፤ ብዙም ሳይቆይ ፍሳሹ ይመለሳል። ፓራኦሊው እኮ ተጎጂ ነው። ጎጂው በዘንጉ ላይ ያለው ጭረት፣ ዝገት ወይም የደረቀ ጭቃ ነው፤ እሱ ሳይታከም የሚገባ አዲስ ላስቲክ የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል።

ፍሳሹን በቸልታ ማለፍ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። ዘይቱ ቁልቁል ወርዶ የፍሬን ዲስኩን ወይም የፍሬን ሸራውን ከነካ የፊት ፍሬን አይዝም። ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ እስከ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ በተለይ ሰው አፈናጦና ጭነት አስሮ፣ ያለ ፊት ፍሬን መውረድ ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይታመንም፤ ይቀየር።

ምንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ግን አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። ብዙ ጊዜ ፓራኦሊው አልተቀደደም፤ ከንፈሩ ሥር አሸዋ ገብቶ ነው የሚያፈሰው። ከላይ ያለውን የአቧራ መከላከያ ላስቲክ ዘንጉን ሳይቧጥጡ በቀስታ ወደ ላይ ያንሱት። አሮጌ የራጅ ፊልም ካለ ሁለት ጣት ስፋት አድርገው ይቁረጡና በአንዱ ጫፍ ጎን ላይ ትንሽ መንጠቆ ያውጡለት። ፊልሙን በዘንጉና በፓራኦሊው መካከል አስገብተው ዙሪያውን ያዙሩት፤ መንጠቆው አሸዋውን ይዞ ይወጣል። የራጅ ፊልም ከጠፋ ከሃይላንድ ፕላስቲክ የተቆረጠ ቁራጭም ይሠራል። ጠርገው የፊት ፍሬን ይያዙና አሞርዛተሩን ደጋግመው ይጫኑት። ዘንጉ ደርቆ ከወጣ ሥራው እዚህ አበቃ። አሁንም ካረጠበ መፍታት ግድ ነው።

ዕቃ ሲገዙ ፓራኦሊውን በሞዴል ስም ብቻ አይጠይቁ። ባጃጅ ቦክሰር ይሁን ቲቪኤስ ወይም ያማሃ፣ አንዱ ስም ከዓመት ዓመት የተለያየ መጠን ሊኖረው ይችላል። አሮጌው ላስቲክ ላይ ለምሳሌ 31-43-10 ተብሎ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያው የውስጥ ስፋት፣ ሁለተኛው የውጭ ስፋት፣ ሦስተኛው ቁመቱ ነው፣ ሁሉም በሚሊ ሜትር። ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ፤ ሸዋ ሮቢት ካጡት አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ጽፈው ይላኩ። ሁለቱንም ጎን ይቀይሩ፤ የአንዱ ካለቀ የሌላውም ጊዜው ደርሷል።

ሞተሩ ገና መሬት ላይ እንዳለ የአሞርዛተሮቹን የላይ ቡሎንና የጎማውን ፐርኖ ግማሽ ዙር ያላሉ፤ ከተሰቀለ በኋላ እነዚህን ለማላላት መታገል ሞተሩን ይጥለዋል። ከዚያ ከሥሩ ጠንካራ ሣጥን ወይም ግንድ አስገብተው የፊት ጎማውን ከመሬት ያንሱ። የፍሬኑን ካቦ ይፍቱ፤ ዲስክ ከሆነ የፍሬኑን መንከሻ አውልቀው በሲባጎ ይሰሩት፣ በዘይት ቱቦው ተንጠልጥሎ አይቅር፤ ሥራው እስኪያልቅም የፍሬን መያዣውን ማንም አይጫን። ጎማውንና ፓራፋንጎውን ያውጡ።

አሁን ብዙ ጀማሪ የሚሸነፍበት ቦታ ይመጣል። በአሞርዛተሩ ቤት ታች፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በአለን ቁልፍ የሚፈታ ቡሎን አለ። የላይኛውን ቡሎን አውጥተው ሞላውን ካስወገዱ በኋላ ይህን ልፍታ ቢሉ የውስጡ ዘንግ አብሮ እየዞረ አይፈታም። ስለዚህ ሞላው ከላይ ተዘግቶ እየገፋ ሳለ የታችኛውን ቀድመው ያላሉት። አሁንም አብሮ ከዞረ ጎሚስታ ጋ ይውሰዱት፤ የጎማ ብሎን የሚፈቱበት የአየር መፍቻ በአንድ ጊዜ ይፈታዋል።

አሞርዛተሩን ከላይ የያዙትን ማቀፊያዎች አላልተው እያዞሩ ወደ ታች ይሳቡት። የላይኛውን ቡሎን ሲጨርሱ ፊትዎን ዘወር ያድርጉ፤ ሞላው ይፈናጠራል። ዘይቱን በዕቃ ይቅዱና ይዩት። ግራጫ ከሆነ የብረት ብናኝ፣ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ የወንዝ መሻገሪያ ለሚያዘወትር ሞተር ይህ የተለመደ ነው። የአቧራ ላስቲኩን፣ ከዚያ የሽቦ ቀለበቱን፣ ከዚያ የታችኛውን ቡሎን አውጥተው ዘንጉን ይሳቡ። አሮጌው ፓራኦሊ አብሮ ካልወጣ ካቻቪቴ ከሥሩ አስገብተው ይፈንቅሉት፤ ነገር ግን የአልሙኒየሙ ከንፈር ላይ የታጠፈ ጨርቅ ያድርጉ። እዚያ ላይ የሚወጣ ጭረት አዲሱንም ፓራኦሊ ያስለቅሳል።

ዋናው ሥራ ዘንጉ ነው። በነጭ ጋዝ አጥበው አድርቀው ጥፍርዎን ከላይ እስከ ታች ያስኪዱበት። ጥፍር የሚይዝ ነገር ሁሉ ላስቲክ ይቆርጣል። በክረምት የመረሬ ጭቃ ዘንጉ ላይ ተለጥፎ ይደርቅና በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ያ ሲደጋገም የክሮም ልባሱ ይላጥና ዝገት ይጀምራል። ትንንሽ ሹል ነገሮችን 1000 ቁጥር፣ ቀጥሎ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት እያራሱ ዙሪያውን ብቻ ይፈግፍጉ፤ ቁመቱን ተከትሎ መፈግፈግ ለዘይቱ መውጫ ቦይ ማበጀት ነው። ጎድጎድ ያለ የዝገት ጠባሳ በሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ሞልተው ሲደርቅ ያስተካክሉት። ጠባሳው ብዙ ከሆነ ግን ዘንጉን ይቀይሩ። ዘንጉን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያንከባልሉትም፤ እየዘለለ ከተንከባለለ ጎብጧል፣ የጎበጠ ዘንግ ደግሞ ምንም ፓራኦሊ አይቆይበትም።

ሲገጥሙ ዘንጉን ቤቱ ውስጥ ይመልሱ፤ የታችኛውን ቡሎን ከመዳብ ሮንዴላው ጋር ያጥብቁ። የዘንጉን ጫፍ በቀጭን ፌስታል ይሸፍኑ፣ የፓራኦሊውን ከንፈር የአሞርዛተር ዘይት ቀብተው ያስገቡ። ጽሑፍ ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን። አሮጌውን ፓራኦሊ በላዩ አድርገው፣ ዘንጉን በሚያሳልፍ የውኃ ፕላስቲክ ቱቦ ዙሪያውን እኩል ይምቱት፤ የሽቦ ቀለበቱ ቦይ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ ድረስ። ቀለበቱ ቦዩ ውስጥ ካልተቀመጠ ፓራኦሊው ይወጣል።

ዘይቱን በተመለከተ፣ ቆላ ስለሆነ ወፍራም ይሻላል ብሎ የሞተር ዘይት መሙላት ስህተት ነው። ወፍራም ዘይት አሞርዛተሩን ግትር ያደርገዋል፤ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ በውስጡ ባለው ብናኝ ዘንጉን ይፈጫል። ለአሞርዛተር የተሠራ 10 ቁጥር ዘይት ይጠቀሙ፤ ከታጣ ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይሻላል። መጠኑን ከሞተሩ መመሪያ ይውሰዱ። ለትንንሾቹ ሞተሮች በእያንዳንዱ ጎን ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ነው። በመርፌ ሲሪንጅ ይለኩ፤ ሁለቱ ጎን እኩል ይሁን። አብዝቶ መሙላት ለአየር የሚቀረውን ቦታ ያጠብና ግፊቱ ፓራኦሊውን ያስወጣዋል።

ይህ ግፊት በእኛ አገር አቀማመጥ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ስትሆን ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በመካከል የውጭው አየር ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። በአሞርዛተሩ ውስጥ የታሸገው አየር ግን ብዙ አይቀንስም፣ ስለዚህ ዳገቱን ሲወጡ ፓራኦሊውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የላይኛውን ቡሎን ሁልጊዜ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ይዝጉት፤ ተጭኖ ሳለ አይዝጉ። ደጋ ላይ ብዙ የሚቆዩ ከሆነ ጎማውን ከመሬት አንስተው ቡሎኑን አንድ አፍታ አላልተው አየሩን ያስተንፍሱ።

ጎማውን ከመለሱ በኋላ የታችኛውን የፐርኖ መያዣ ከማጥበቅዎ በፊት ሞተሩን መሬት አውርደው ፍሬኑን ይዘው አሥር ጊዜ ያህል ይጫኑት፤ ሁለቱ አሞርዛተሮች እርስ በርስ ይስተካከላሉ። ከዚያ ያጥብቁ። ፍሬኑን ሳይሞክሩ ከግቢ አይውጡ። ከቆየ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ፓራፋንጎው ታች አስረው ጎማው የሚረጨውን ጭቃ ያስቀሩ። ጭቃ ውስጥ በዋሉበት ማታ ጭቃው ሳይደርቅ ዘንጉን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ማቀፊያዎቹንና ፐርኖውን እንደገና ያጥብቁ።