ሲሚንቶው ይቆይ

ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ካወጣኸው ዝርዝር ሲሚንቶውን ሰርዘውና ስማኝ፣ ወንድምዓለም። የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ ሆነህ መመረጥህ ደስ ብሎኛል። ግን ሥራህን አሜሪካና ዱባይ ላሉት የአገር ልጆች «እርዱን» ብሎ በመጻፍ አትጀምር። ገንዘቡ ሲመጣ ሁሉም የሚስማማው በብረት በር ላይ ነው፤ ከብቱ ደግሞ የሚገባው በበሩ ሳይሆን በፈረሰው አጥር ነው።

መጀመሪያ ካብ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ እንደ ዣራ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን ያጠሩት ከገበሬው ማሳ በተለቀመ ድንጋይ ነው። የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚያው አካባቢ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል፤ ከብት ያልደረሰበት ችግኝ የተሻለ እንደሚተርፍም አሳይተዋል። ድንጋዩ ከማሳው ሲነሣ ማረሻውም ያርፋል። ለቅዳሴ የሚመጣ ሰው አንዳንድ ድንጋይ ይዞ ይምጣ፤ ይህን ግን አንተ ሳትሆን ካህናቱ በዐውደ ምሕረት ይናገሩት። ክምሩ ሲበቃ፣ መከሩ ተሰብስቦ አውድማው ባዶ ሲሆን፣ ደቦ ጥራ። ጠላውንና ንፍሮውን ለሰንበቴዎቹ ተውላቸው። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር፣ መሠረቱ ሰፋ ያለ፤ ጭቃ እንኳ አይፈልግም። ካብ የሚያውቅ ሽማግሌ ብቻ አይጥፋ።

ከብት ከታገደ ሣሩ ያድጋል። ሽጠው። አጭዶ ተሸክሞ ለሚወስድ በጨረታ ይሰጥ፤ ከብት አስገብቶ ማጋጥ ግን ለቄሰ ገበዙ በሬም አይፈቀድ። (እዚህ ላይ ጠብ ይመጣብሃል፤ ቻለው።) በዚያ ገንዘብ ማጭድና ዶማ ግዛ። ክረምት ሳይገባ ቦዩን አስጠርግ፣ የሰመጠውን መቃብር አፈር አልብስ፣ በአዲሱ ላይ ድንጋይ ይጫንበት፤ ጅብ እንደሆነ ዛሬም አለ።

ባሕር ዛፍ እንትከል ይሉሃል። ለጣራ ቆርቆሮ መግዣ ይሆናል፣ ውሸት አይደለም፤ ግን ከካቡ ውጪ ይሁን። ውስጡ የጽድ፣ የወይራና የዝግባ ነው፤ ባሕር ዛፍ ውኃ ይሻማቸዋል። ከአገር በቀሎቹ በሐምሌ ጥቂት ተክለህ ጥቂቱን ጠብቅ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ፤ ሐውልት። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የቀድሞ መሬቷ የላትም፤ በአብዛኛው የቀራት ይኸው ቅጽሯ ነው። አንድ ሰው ለእናቱ ሴራሚክ የለበሰ፣ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ሐውልት ሲያቆም የሦስት ሰው ማረፊያ ይይዛል፤ ሥሩ ያስቸገረው ጽድም ይቆረጣል። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። መርዶውን በስልክ ሰምቶ ከቀብር የቀረ ልጅ ዕዳው በሲሚንቶ የሚቀልል ይመስለዋል። ለቅሶ ቤት ገብተህ «አይሆንም» ልትለው ብትሞክር ደግሞ ዕድርተኛው ሁሉ ባንተ ላይ ይነሣል፣ እውነታቸውንም ነው።

ስለዚህ ማንም ሳይሞት ደንቡን አውጡ። ከመቃብሩ ቁመትና ወርድ የማያልፍ፣ ከላዩ መስቀልና ስም፤ በቃ። ካህናቱ ይፈርሙበት፣ በዐውደ ምሕረት ይነበብ፣ ለአለቃውም ለነጋዴውም አንድ ይሁን። ለአንድ ሀብታም ያላላኸው ቀን ደንብ የለህም። ልጁ ሲደውል ግን ባዶ እጁን አትመልሰው። «እናትህ ካረፉበት ጎን ያለው ካብ ፈርሷል፣ በስማቸው አሠራው» በለው፤ ወይም ለአብነት ተማሪዎቹ የውኃ ታንከር ይግዛላቸው። እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል ልጅ ብዙ አይገጥምህም።

አንድ ደብተርም ግዛ። ማን የት እንዳረፈ የሚያውቁት ጥቂት ሽማግሌዎችና መነኮሳት ናቸው፤ እነሱ ሲያልፉ ነገሩ ያልፋል፣ ቀባሪም አዲስ ጉድጓድ ሲቆፍር የሰው አጥንት ያገኛል። ሟቾቹ ሁሉ እግራቸው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ረድፉን መከተል አያስቸግርም። የሚታወቀውን በስሙ፣ የማይታወቀውን «ያልታወቀ» ብለህ ከካቡ ጀምረህ ወደ ውስጥ ጻፍ። በዕድሜ የገፉትን በዚህ ሳምንት ይዘህ ዙር፤ ለመጪው ዓመት አታሳድረው።