«ተመትተህ እንዳትመጣ!»



በእኛ ልደታ ልጁን ለጨዋታ ሲያሰናብት «ተመትተህ እንዳትመጣ፤ ተመትተህ ከመጣህ እኔ እደግምሃለሁ!» የማይል ወላጅ ጥቂት ነው። ወላጁ ክፋት የለበትም፤ ልጁ ፈሪ እንዳይሆንበት ሰግቶ ነው። ልጁ ግን ከዚህ ምክር የሚወስደው፣ ኳሱን ሲነጥቁት ያለው መንገድ መምታት ወይም መመታት ብቻ መሆኑን ነው። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ የነገረው የለም።

ነባሩ የልደታ ሰፈር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በመልሶ ማልማት ፈርሶ በቦታው ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ በፊት፣ ልጆች ሲደባደቡ ከአንዱ በር የምትወጣ እናት አትጠፋም ነበር። ሁለቱንም ጆሮ ይዛ ታስታርቃለች። ዛሬ ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ የሰው ልጅ የሚገላግል ማን ነው? ስለዚህ ልጁ ሽማግሌውን በራሱ ጭንቅላት ይዞ መውረድ አለበት።

ይህ ሊማሩት የሚቻል ነገር መሆኑን ማይርና ሹር እና ጆርጅ ስፒቫክ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን አሳይተዋል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በተለይ ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱ የአራት ዓመት ሕፃናትን ይዘው ሠርተዋል። ለሕፃኑ «ይህ ልጅ ጓደኛው የያዘውን መጫወቻ ይፈልጋል፤ ምን ቢያደርግ ያገኘዋል?» ይሉታል። መልስ ሲሰጥ «ሌላስ?» እያሉ ይቀጥላሉ። ችኩልና ተደባዳቢ የሆኑት ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚታያቸው መላ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው፣ ፈርተው ጥግ የሚይዙትም እንደዚያው ናቸው። ትምህርቱ የሚጀምረው እንደ «ወይም»፣ «በፊት» እና «በኋላ» ባሉ ቀላል ቃላት ጨዋታ ነው። «ልመታው እችላለሁ ወይም ልጠይቀው እችላለሁ» ለማለት መጀመሪያ «ወይም»ን ማወቅ ያስፈልጋልና። ቀጥሎ የሌላውን ስሜት ማወቅ፣ ከዚያ መላ መፈለግ፣ ከዚያም «ይህን ባደርግ ምን ይከተላል?» ማለት ይመጣል። ዘዴውን እናቶች ቤታቸው ሲያስተምሩትም ሠርቷል።

ቅዳሜና እሑድ ቁርኣን በማስቀራበት መድረሳ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ልጆች በመቀመጫ ቦታ ተጣሉ።

«ስትገፋው ምን ሆነ?» አልኩት አንዱን።

«መልሶ ገፋኝ።»

«እሱ ምን የተሰማው ይመስልሃል?»

«ተናደደ።»

«ሳትገፋፉ ምን መላ አለ?»

«ዛሬ እሱ፣ ነገ እኔ» አለ ቆይቶ። ሌላው «እምቢ፣ ዛሬስ ለምን እኔ ነገስ ለምን እሱ?» ብሎ ተከራከረ! (የዚህ ልጅ ነገር ጠበቃ ሳያደርገው አይቀርም።) «ሌላስ?» አልኩ። ተጠጋግተው ለሁለት ለመቀመጥ ተስማሙ። አሥር ደቂቃ ፈጅቷል፤ ኩርኩም ቢሆን ኖሮ አሥር ሰከንድ አይፈጅም ነበር። በሳምንቱ በእርሳስ ተጣሉ። ያኔ ግን እኔ ሳልጠይቃቸው አንዱ «ሌላስ?» ሲል ሰማሁት።

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ልጅ ይታዘዛል እንጂ አይማከርም» ይሉኛል። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ልጃቸውን እንዲሠው በሕልም ሲታዘዙ፣ ያንን የሚያክል ነገር ለልጁ ነግረው አንተስ ምን ትላለህ ብለው እንደጠየቁት በሱረቱ አስ-ሷፋት እናነባለን። ትእዛዙ የአላህ ነበር፤ ልጁ ግን ተጠየቀ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠጡ በቀኛቸው ሕፃን ልጅ፣ በግራቸው አዛውንቶች ነበሩ። መጠጡን ለአዛውንቶቹ ለመስጠት ልጁን አስፈቀዱት። ልጁ ከእርስዎ የሚደርሰኝን ድርሻ ለማንም አልሰጥም አለ። አልተቆጡትም፤ በእጁ ሰጡት። ተራ የማክበርን ትምህርት ከዚህ የበለጠ ማን ያስተምራል? ጠንካራ ሰው ታግሎ የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑንም የነገሩን እሳቸው ናቸው።

ልጃቸውን ለኡስታዝ ሲያስረክቡ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» የሚሉ ወላጆች ሕጉንም ይወቁት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል፤ እስከ አሥራ አምስት ዓመቱ የሚታየው በተለየ ሥርዓት ቢሆንም። በልደታ ፍርድ ቤት በር በየቀኑ የምናልፍ ሰዎች ይህ ሩቅ ነገር አይምሰለን።

አንድ ነገር ግን ሳልለይ ማለፍ አልፈልግም። ከእሱ የሚበልጡ ልጆች ተሰብስበው ዘወትር የሚደበድቡትን ልጅ «ራስህ መላ ፈልግ» ማለት ዙልም ነው። እዚያ ላይ ትልቅ ሰው መግባት አለበት፤ የልጆቹ ወላጆች መጠራት አለባቸው። «ሌላስ?» የሚሠራው በእኩዮች መካከል ነው። ልጁ ማን ምን እንዳደረገው እንዲናገር ደግሞ፣ ቤት ሲገባ ተመትቶ በመምጣቱ ሁለተኛ እንደማይመታ ማወቅ አለበት።