«መሰለ» እና «መሰለው»፤ በፌንጣ ማስመሰያ የተሰጠ ትምህርት

ተማሪዎች ሆይ፤ በመስከረም ወር ከላፍቶ መንደሮች ወደ ትንሿ አቃቂ ዳር የወረደ ሰው ሣሩ ከጉልበቱ ደርሶ ያገኘዋል። እግሩን ባነሣ ቍጥር ፌንጣዎች ግራና ቀኝ እየዘለሉ ይበተናሉ። ከመካከላቸው አንዱ መድረሻውን ሳያውቅ ይዘልና ከውሃው ላይ ይወድቃል፤ ጥቂት ይንፈራገጣል፤ ውሃውም ይዞት ይሄዳል። ነገር ግን ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት የሚወርደው ፍሳሽ ወንዙን ስለ በከለው፣ ፌንጣውን ከሥር ብቅ ብሎ የሚውጥ ዓሣ በዚያ አትጠብቁ። እንዲህ ያለውን ዓሣ ለማየት ከዚህ ራቅ ብሎ ወደ ባሌ መሄድ ያስፈልጋል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ዲንሾ የደረሰ መንገደኛ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር አልፏል። በዚያ ደጋ የዌብና የዳንካ ወንዞች በሣር መካከል እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ። በውስጣቸውም ትራውት የተባለ ዓሣ ይኖራል። ትራውት የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ቡናማው ትራውት ከአውሮፓ፣ ቀስተ ደመናማው ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል የተገኘ ሲሆን፣ ሁለቱም በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥተው በባሌ ወንዞች ተለቀቁ። ውሃው ቀዝቃዛና ኦክሲጅን የሞላበት በመሆኑ ተስማማቸው። (ነገሩ ዛሬ ቢታሰብ ኖሮ ብዙ ባከራከረ ነበር፤ በባሌ ተራሮች እንጂ በሌላ ስፍራ የማይገኙ እንቍራሪቶች አሉና፣ እንግዳ አዳኝ መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም።)

ትራውት በውሃ ውስጥ የሚፈለፈሉ ነፍሳትን ይመገባል፤ ይሁን እንጂ ከየብስ የሚወድቁለትን ፌንጣ፣ ጉንዳንና ጢንዚዛም አይንቅም። በደጋ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ፌንጣ ጠዋት ደንዝዞ ይቆያል። ፀሐይ ሲያሞቀው መዝለል ይጀምራል፤ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ወደ ወንዙ ይገፋዋል። ስለዚህ አጥማጁ ፌንጣን የሚያስመስል ነገር በመንጠቆ ላይ ሠርቶ፣ ረፋዱ ካለፈ በኋላ ከወንዙ ዳር ይገኛል። ገላውን ከቢጫ ሱፍ፣ ክንፉን ከላባ፣ እግሩን ከተቋጠረ የላባ ዘለላ፣ ራሱን ከአጋዘን ጠጕር ያበጀዋል። የአጋዘኑ ጠጕር ውስጡ ክፍት ስለሆነ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። እዚህ ላይ አጋዘን የተባለው የውጭ አገሩ እንስሳ እንጂ የባሌው የደጋ አጋዘን አይደለም፤ ሁለቱ ቢመሳሰሉብን በአንድ ስም ጠራናቸው።

አሁን ያለፈው ዓረፍተ ነገር ወደ ዛሬው ሰዋስው ያስገባናል። «መሰለ» የሚለው ግሥ በአምስቱም አዕማድ ይነገራል። ማስመሰያው ፌንጣ መሰለ ስንል አድራጊ ነው። አጥማጁ ላባውን ክንፍ አስመሰለ ስንል አስደራጊ ይሆናል። ጀግናው በአንበሳ ተመሰለ ብንል ተደራጊ፤ ፌንጣውና ማስመሰያው ተመሳሰሉ ብንል ተደራራጊ፤ አጥማጁ ሁለቱን አመሳሰለ ብንል አደራራጊ ነው። ከዚሁ ግሥ የወጣው «አስመሳይ» የሚለው ስም ለሰው ሲነገር ነቀፋ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ለመንጠቆው ግን «ማስመሰያ» እንላለን፤ ነቀፋም የለበትም።

ይህን ሁሉ ምናልባት ከዚህ ቀደም ተምራችሁት ይሆናል። ብዙ ተማሪ የማያስተውለው ግን ግሡ መጨረሻ ላይ «ው» ሲጨመርበት የሚሆነውን ነው። «ማስመሰያው ፌንጣ ይመስላል» እና «ማስመሰያው ፌንጣ ይመስለዋል» የሚሉትን አነጻጽሩ። በፊተኛው ፈራጁ ማን እንደሆነ አልተነገረም፤ የሚያየው ሁሉ ሊፈርድ ይችላል። በኋለኛው ግን ፈራጁ ተለይቷል፤ እርሱም ዓሣው ነው። አንዲት ፊደል ፍርዱን ከሰው ዓይን አንሥታ ለዓሣ ዓይን ሰጠች።

ለዚህ ነገር የቪንሰንት ማሪናሮ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ማሪናሮ በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ፣ ለቶርት በተባለ ወንዝ ከወዳጁ ከቻርልስ ፎክስ ጋር ዓሣ ያጠምድ ነበር። ትራውቶቹ ከውሃው ገጽ አንድ ነገር እየለቀሙ ይበላሉ፤ የእርሱን ማስመሰያ ግን አይነኩም። በመጨረሻ ከዳሩ በደረቱ ተኝቶ ውሃውን በቅርብ ቢመለከት፣ ቆሞ ሊያያቸው ያልቻላቸውን ደቃቅ የየብስ ነፍሳት አገኘ። ዓሣው ነፍሳቱን የሚያየው ከሥር ስለሆነ ስፋታቸውንና ቅርጻቸውን እንጂ ውፍረታቸውን እንደማይለይም ተገነዘበ። ስለዚህ አንድ ላባ በትንሽ መንጠቆ ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ አሰረ። ከላይ ለሚያየው ሰው ይህ ነገር ነፍሳት አይመስልም፤ ለዓሣው ግን መሰለው። ማሪናሮ ይህን ሁሉ በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። በገበያ የሚሸጡ ብዙ ማስመሰያዎች ገዢውን እንጂ ዓሣውን አያታልሉም የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ አጣጣሉ እንለፍ። ማስመሰያው እጅግ ቀላል በመሆኑ እንደ ድንጋይ ሊወረወር አይችልም፤ ይዞት የሚሄደው የወፍራሙ ክር ክብደት ነው። በዚያ ክር ጫፍ ቀጭንና ጥርት ያለ ናይሎን ታስሮበታል፤ ዓሣው እንዳያየው ነው። ሌሎች ማስመሰያዎች በቀስታ ማረፍ አለባቸው፤ ፌንጣ ግን ሲወድቅ ድምፅ ስለሚያሰማ፣ የፌንጣው ማስመሰያ ጠብ ቢል አያስነውርም። የሚያስነውረው መጐተቱ ነው። ክሩ በፈጣን ውሃ ተይዞ ማስመሰያውን ቢስበው፣ ከአጠገቡ ካለው አረፋ ይልቅ ይፈጥናል። ዓሣው ሊውጠው ብቅ ካለ በኋላ ይመለሳል፤ አልመሰለውምና።

ስለ አንድ ሥራ አሠራር ድርሰት ስትጽፉም አንባቢያችሁ በዓሣው ስፍራ እንዳለ ቍጠሩ፤ ያየው የጻፋችሁትን እንጂ ያሰባችሁትን አይደለም። አንድ ተማሪ «ማስመሰያው በጥንቃቄ ወደ ውሃው ይጣላል» ብሎ ጻፈ እንበል። ግሡ ተደራጊ ስለሆነ ጣዩ ጠፋ፤ «በጥንቃቄ» የሚለውም ቃል ምን መደረግ እንዳለበት አይነግርም። ይህን ያነበበ ሰው ዘንጉን ይዞ ቢቆም እጁን ወዴት ያንሣ? «አጥማጁ ከዳር አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ዓሣው ካለበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ማስመሰያውን ጠብ ያደርገዋል» ቢል ግን አንባቢው ሥራውን ለመጀመር ይችላል።

መልመጃ። ፌንጣን በእጅ መያዝ፣ እሳት ማያያዝ፣ የጨርቅ ኳስ መስፋት ወይም በቤታችሁ የምትሠሩትን ሌላ ሥራ መርጣችሁ፣ አሠራሩን በአንድ ገጽ ጻፉ። ከዚያም ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡትና፣ አንዲት ቃል ሳትጨምሩለት በጽሑፋችሁ ብቻ እየተመራ ይሥራ። እጁ የቆመበትን ስፍራ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ እዚያ ያለውን ዓረፍተ ነገርም እንደገና ጻፉት።