ሳይኮሎጂ ለደረሰሽ ልጄ

ዲፓርትመንት ወጥቶ ሳይኮሎጂ እንደደረሰሽ ስትነግሪኝ ድምፅሽ ቅዝዝ ብሎ ነበር። «የሞላሁት እኮ ሕግ ነው» አልሽኝ። «ምን ይሠራበታል?» ያሉሽ ዘመዶችም አልጠፉም። እኔ አጎትሽ በዚሁ ትምህርት ጥርሴን ነቅዬበታለሁና ጥቂት ቃል ልስጥሽ።

1. «እስቲ አንብቢኝ» ለሚሉሽ ሳቂላቸው። ቡና ላይም ለቅሶ ቤትም ይህን ትሰሚያለሽ። ትምህርቱ ግን ጥንቆላ አይደለም። ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕዚግ ላቦራቶሪ ያቋቋመው የሰውን አእምሮ በግምት ሳይሆን በሙከራ ለማጥናት ነው። የአንቺም ሥራ የራስሽን ግምት መፈተን ነው።

2. ስታትስቲክስን አትሽሺ። ከሒሳብ አመለጥኩ ብሎ ወደ እኛ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው፤ ኮርሱ ሲመጣ ይደነግጣል። ቁጥር ያልገባው ሰው ጥናትን ያምናል እንጂ አይመዝንም። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ዳታ ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ለሚችል ልጅ ከፍለሽ አታሠሪ። መምህራን ፊት ቆመሽ ስትጠየቂ ያጋልጥሻል።

3. ሽምደዳውን ተዪው። ሮዲገርና ካርፒኬ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ጊዜ አንብበው ያነበቡትን በቃላቸው ለማውጣት የታገሉት ቀደሟቸው። ስለዚህ ሃንድአውቱን ዝጊና ለዶርም ጓደኛሽ አስረጂያት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ቀደም ባሉት ዓመታት የተማርሽውን ሳይቀር ይጠይቅሻል።

4. «የትኛው ሰው?» ብለሽ ጠይቂ። መጻሕፍቱ «የሰው ልጅ እንዲህ ነው» ይላሉ። ሄንሪክ፣ ሃይንና ኖሬንዛያን እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት ግን ከጥናቶቹ አብዛኞቹ የተሠሩት በምዕራባውያን፣ ይልቁንም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶች እንደገና ተሠርተው ሲታዩ፣ የቀድሞው ውጤት የተደገመው ከግማሽ ባነሱት ላይ ብቻ ነበር። ይህ ተስፋ አያስቆርጥሽ። የራሱን ስህተት አደባባይ የሚያወጣ ትምህርት ይከበራል እንጂ አይናቅም።

5. አማርኛሽን ይዘሽ ግቢ። በእኛ ቋንቋ ስሜት ሆድ ውስጥ ነው ያለው፤ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይሻክራል፤ ታጋሹም ሆደ ሰፊ ነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጠይቅ ይዘሽ ገጠር ብትወርጂ፣ አንዲት እናት «ድብርት አለብዎት?» ስትያቸው «የለብኝም» ሊሉሽ ይችላሉ። እንዴት እንደሚውሉ ብትጠይቂያቸው ግን «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ይሉሻል። መጠይቅ ተተርጉሞ ሌላ ሰው ወደ መጣበት ቋንቋ እንዲመልሰው፣ ከዚያም ሰው ላይ እንዲሞከር የሚደረገው ለዚህ ነው። ይህን ክፍተት ከአንቺ በላይ የሚያይ የውጭ ፕሮፌሰር የለም።

6. ሐዘንን በሽታ፣ በሽታንም ስንፍና አትበዪ። እኔ ሁለቱንም ብያለሁ። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ለዕረፍት አገር ቤት ገባሁ። ባላቸው የሞቱባቸው አክስቴ ጋ ሄጄ፣ እንቅልፍ ማጣታቸውንና ምግብ መዝጋታቸውን ቆጥሬ የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ባሌ ሞቶ እኮ ነው» አሉኝ። በዚያው ዓመት አንድ የዶርም ጓደኛችን ክፍል መግባት ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ጀመር። «ሰነፈ» አልነው። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቤተሰቡ ከሄደ በኋላ ነው መታመሙን የሰማነው። ሁለቱንም የበደልኳቸው ሳልሰማ በመፍረዴ ነው።

7. ወሰንሽን እወቂ። የመጀመሪያ ዲግሪ ሐኪም አያደርግሽም። መድኃኒት የሚያዝዘው በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ነው። የሰውን ምስጢር ጠብቂ፤ ጓደኛሽ «መኖር አልፈልግም» ካለችሽ ግን ብቻሽን አትያዢው። አጠገቧ ሁኚ፣ የግቢውን ክሊኒክ ጥሪ፣ እንደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ያለ ቦታ እስክትደርስ አብረሻት ሂጂ። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሲገጥምሽም አትሳቂበት፤ ጸበሉን ሳይተው መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ በለዘብታ ምከሪው።

አክስቴ ያን ቀን ቡና አፍልተው ነበር። እኔ ትንታኔዬን ጨርሼ ቡናውን ሳልጠጣ ወጣሁ። ልጄ፣ አንቺ ቁጭ በይ። ሦስተኛው እስኪቀዳ ስሚያቸው።