ከ20ዎቹ ውጪ ያለው የጓያ አሚኖ አሲድ

ባዮኬሚስትሪ ስንማር 20 አሚኖ አሲዶችን እንሸመድዳለን። ፕሮቲን የሚገነባው በዋናነት በእነዚህ ስለሆነ ነው። ዕፅዋት ግን ከእነዚህ ውጪ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎች አሚኖ አሲዶችን ይሠራሉ። ዛሬ አንዱን ብቻ ላንሳ፤ በአገራችን ብዙ ገበሬ ምርኩዝ ይዞ እንዲሄድ ያደረገውን።

ስሙ ቤታ-ኦዳፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ተመራማሪዎች ከጓያ ፍሬ ለይተው አወጡት። ቅርጹ የነርቭ ሴሎች መልእክት ከሚለዋወጡበት ከግሉታሜት ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በግሉታሜት ቦታ ገብቶ ሴሉን ያለ ልክ ያነቃቃዋል፤ በዚህም ይጎዳዋል። በዋናነት የሚጎዱት እግርን የሚያዝዙት ነርቮች ናቸው። ሽባነቱ አይድንም፤ አእምሮ ግን ደህና ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ የጓያ ሽሮ የበላ ሁሉ ለምን አይታመምም? መልሱ መጠኑና አብሮት የሚበላው ነገር ነው። በሽታው የሚመጣው ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ይህ ደግሞ የሚሆነው በድርቅ ጊዜ ነው፤ ሌላው ሰብል ሲከስም ጓያ ይተርፋልና። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በወሎ ደላንታ አካባቢ ከድርቅ በኋላ የተነሳው ወረርሽኝ እንዲህ ነበር። በዚያ ላይ ጓያ ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ሜቲዮኒንና ሲስቲን፣ ያንሱታል። እነዚህ ሴሎቻችን ራሳቸውን ከጉዳት የሚከላከሉበትን ንጥረ ነገር ለመሥራት ያስፈልጋሉ። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ደግሞ ከጓያ ይልቅ በእነዚህ የተሻሉ ናቸው።

ቤታ-ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል። ስለዚህ ጓያውን ዘፍዝፎ ወይም ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። መቁላት ብቻውን አይበቃም።

«ከቤት የተላከልኝ ሽሮ ጓያ ካለበት ልጣለው?» ለምትሉኝ፣ እኔ አልጥለውም። ከእንጀራና ከሌላ ምግብ ጋር አልፎ አልፎ የሚበላ ሽሮ ሽባ አያደርግም። «ጓያ አትብሉ» የሚለው ምክር ግን ጎተራው ውስጥ ሌላ እህል ለሌለው ቤተሰብ ምንም አይጠቅምም። ለእሱ የሚያስፈልገው በጊዜ የሚደርስ፣ ከጓያው ጋር የሚቀላቀል እህልና መርዙ የቀነሰ የጓያ ዘር ነው። ግብርና፣ ሥነ ምግብ ወይም ኬሚስትሪ የምታጠኑ ልጆች፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ ስትፈልጉ ጓያን አስቡት።