ሽቦ የማይገባበት ክፍል

በዋግ ኽምራ፣ በጋዝጊብላ ደጋማ ቀበሌዎች በክረምት ምሽት ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። መብረቅ ብልጭ ባለ ቅጽበት፣ ነጎድጓዱ ገና ሳይሰማ፣ ሬዲዮው ይንጫጫል። ተንቀሳቃሽ ስልክ ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጦ ሊጠራ ሲልም «ድርርር፣ ድርርር» የሚል ድምፅ ቀድሞ ይሰማል። የሁለቱም መንስኤ አንድ ነው፤ ሳይጠራ የገባ ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገድ።

ሬዲዮ ሲንጫጫ የሚያመልጠን ጥቂት ዜና ነው። ተመሳሳይ ሞገድ ለሕሙም መድኃኒት በልኩ የሚያወርድ መሣሪያን ቢያሳስት ግን ጉዳቱ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ከሰቆጣ ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ ደግሞ የጥገና ባለሙያ በዚያው ዕለት ላይደርስ ይችላል። ስለሆነም ስሕተቱ መገኘት ያለበት መሣሪያው ወደ ሥፍራው ከመላኩ በፊት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ፍተሻ እንዴት እንደሚከናወንና ኦፕቲካል ፋይበር በውስጡ ያለውን ድርሻ እንመለከታለን።

ተጣጣሚነት ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ከአካባቢው ጋር ይጣጣማል የምንለው ሁለት ነገሮችን ሲያሟላ ነው። አንደኛ፣ ሌሎችን የሚያውክ ሞገድ ከልክ በላይ አያመነጭም። ሁለተኛ፣ ከሌሎች የሚመጣውን ሞገድ ተቋቁሞ ሥራውን ይቀጥላል።

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የሕክምና መሣሪያዎች ደረጃ መሠረት፣ በሆስፒታል የሚሠራ መሣሪያ በሜትር 3 ቮልት የሆነ የሬዲዮ ሞገድ መስክ፣ በቤት ውስጥ ሕክምና የሚያገለግል ደግሞ በሜትር 10 ቮልት መቋቋም ይኖርበታል። ለቤቱ የበለጠው የተጠየቀበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በቤት ውስጥ ስልክን ከመሣሪያው የሚያርቅ ተቆጣጣሪ የለም።

የድስቱ ሙከራ

በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ከፍተን ጥብቅ ክዳን ባለው የብረት ድስት ውስጥ እናስቀምጥ። ክዳኑ ሲገጠም ጣቢያው ይዳከማል ወይም ይጠፋል። ማይክል ፋራዴይ በ1836 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በዙሪያው የተዘጋ ብረት የውጭውን የኤሌክትሪክ መስክ ወደ ውስጥ አያስገባም። አሁን ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ወስደን አንዱን ጫፍ በሬዲዮው አንቴና ላይ እንጠምጥም፤ ሌላውን በክዳኑ ጠርዝ በኩል እናውጣ። ጣቢያው ተመልሶ ይሰማል። በሽቦው ፈንታ የጥጥ ክር ብናወጣ ግን ለውጥ የለም።

የፍተሻ ክፍል በመሠረቱ ትልቅ ድስት ነው። ግድግዳው ብረት ነው፤ ውስጡም ሞገድ እንዳይንጸባረቅ በካርቦን በተነከረ ፒራሚድ መሰል ስፖንጅ ይለበጣል። በዚህ ክፍል የሚፈተሸው መሣሪያ ከ80 ሜጋ ኸርዝ እስከ 1 ጊጋ ኸርዝ ድግግሞሹ በአንድ አንድ በመቶ እየጨመረ በሚሄድ ሞገድ ይመታል። ይህ 254 ያህል እርምጃ ነው። በመሣሪያው አራት ጎኖችና በሁለት የሞገድ አቅጣጫዎች ሲደገም ከ2,000 ይበልጣል። በእያንዳንዱ እርምጃ የመሣሪያውን ገጽ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ነገር ግን ሰው በዚህ መስክ ውስጥ መቆም የለበትም፤ በሩን ከፍቶ ማየትም መከላከያውን ማፍረስ ነው።

ሽቦው የሚያበላሸው ለምንድን ነው?

ተራ ካሜራ አስገብተን ምስሉን በመዳብ ሽቦ ብናወጣስ? ያን ጊዜ በድስቱ ያየነው ይደገማል። የ100 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ነው፤ የዚህ ሩብ፣ 75 ሴንቲ ሜትር ሽቦ፣ ጥሩ አንቴና ይሆናል። በመዳብ ውስጥ ያሉ ነፃ ኤሌክትሮኖች ከሞገዱ ጋር ይወዛወዛሉ፤ ሽቦውም ሞገድ ይቀበላል፣ ያሰራጫልም። ያን ጊዜ መሣሪያው የተሳሳተው በራሱ ድክመት ይሁን በሽቦው ምክንያት መለየት ይቸግራል።

ኦፕቲካል ፋይበር በሙከራችን የክሩን ቦታ ይይዛል። በመስታወት ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ከአቶሞቻቸው ጋር የታሰሩ ስለሆኑ የሬዲዮ ሞገድ ጅረት አይፈጥርባቸውም። የካሜራው ምልክት በሌዘር ወደ ብርሃን ይለወጣል፤ ከክፍሉ ውጭ ያለ የብርሃን ተቀባይ ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሰዋል። የልብ ምትን፣ የቮልቴጅንና የመስክ ጥንካሬን ልኬት የሚያወጡ የምልክት መስመሮችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ይሁንና የፋይበሩ ነፃነት ለሁለቱ ጫፎች አይተርፍም። ካሜራው ራሱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በመሆኑ በብረት ሳጥን ይታሸጋል፤ ከሌንሱ ፊት ቀጭን የብረት መረብ ይደረጋል፤ ኃይሉንም ከባትሪ ያገኛል። በሜትር 10 ቮልት እየተመታ ምስሉ መረበሽ የለበትም። በሌላው ፍተሻ ደግሞ ዝም ማለት አለበት። ለመኖሪያ ቤት ዕቃ በ10 ሜትር ርቀት የተፈቀደው ልቀት ከ30 እስከ 230 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል በሜትር 32 ሚሊዮንኛ ቮልት ገደማ ነው፤ የካሜራው ከዚህም በእጅጉ ያነሰ መሆን ይኖርበታል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ከ300,000 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ፋይበሩን የሚሸፍነው ገመድም የብረት ማጠናከሪያ ሊኖረው አይገባም።

ቀዳዳውስ?

ፋይበሩ የሚወጣው በጠባብ የብረት ቱቦ ነው። 176ን ለቱቦው የውስጥ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ስናካፍል፣ ቱቦው ማስተላለፍ የሚጀምርበትን ድግግሞሽ በጊጋ ኸርዝ እናገኛለን፤ ለ5 ሚሊ ሜትር 35 ያህል ነው። ከዚህ በብዙ ያነሰ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሜትር ጉዞ 40 ጊዜ ያህል ይዳከማል። 20 ሚሊ ሜትር ሲጓዝ ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተዳክሟል። በዚያው ቱቦ የመዳብ ሽቦ ቢያልፍ ግን ሞገዱ ሽቦውን ተከትሎ ይወጣል።

ይህ እውቀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮቻችን አናት ላይ በተዘረጋው የመሬት ሽቦ ውስጥ ኦፕቲካል ፋይበር አለ፤ ከብዙ ሺህ ቮልት አጠገብ መረጃን ያለ ጉድለት ያስተላልፋል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት ዐዋጅ ቁጥር 1148/2011ም የኮሙኒኬሽን መሣሪያዎችን ዓይነት የማጽደቅ ኃላፊነት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ከእንዲህ ያለ ማጽደቅ ጀርባ የሚቆመው በዝግ ክፍል የተገኘ ልኬት ነው፤ ልኬቱን አንብቦ የሚፈርደው ደግሞ ፊዚክስ የተማረ ሰው ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ለ900 ሜጋ ኸርዝ የስልክ ሞገድ ጥሩ አንቴና የሚሆነው ሽቦ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?
2. የውስጥ ዲያሜትሩ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ እስከ 6 ጊጋ ኸርዝ ለሚደረግ ፍተሻ ያገለግላልን? ምክንያቱን አስረዱ።