የሳምንቱ ቃል፦ ጥሎ ማለፍ

«ጥሎ ማለፍ» የተሸነፈው የሚሰናበትበት፣ ያሸነፈው ወደሚቀጥለው ዙር የሚያልፍበት ውድድር ነው።

በእንግሊዝ አገር ዮርክሻየርና ላንክሻየር የሚባሉ ጎረቤት አውራጃዎች አሉ። በራግቢ ሊግ፣ 13 ለ13 በሚጫወቱት ጨዋታ፣ የቆዩ ተቀናቃኞች ናቸው። ሁለቱም የየራሳቸው የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ነበራቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት (1939–1945 እ.ኤ.አ.) ሲመጣ ወጣቶቹ ዘመቱ፤ ክለቦች ተጫዋች አጡ። የላንክሻየር ዋንጫ ተቋረጠ፣ የዮርክሻየር ግን ቀጠለ። ታዲያ የላንክሻየሮቹ ዊጋን፣ ሴንት ሄለንስና ኦልድሃም የት ይጫወቱ? በተቀናቃኞቻቸው ዋንጫ ውስጥ ገብተው ተጫወቱ! ሰው የጎደለው ክለብም የሌላ ክለብ ተጫዋች በእንግድነት ያሰልፍ ነበር።

የቤት ሥራ
1. «ጣለ» እና «አለፈ» በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
2. እማዬንና አባዬን ጠይቁ፦ በሰፈራችሁ ኳስ ስትጫወቱ ሰው ሲጎድል ምን ታደርጉ ነበር?